ደህና ነኝ ይላል ደብዳቤው

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ በገባን በመጀመሪያው ሳምንት ከነባር ተማሪዎች የሰማነው ቃል «ክሪስማስ ግራጁዌት» የሚል ነበር። የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ማለፍ አቅቷቸው፣ ገና ካለፈ በኋላ ውጤት ሲለጠፍ ሻንጣቸውን ይዘው ወደመጡበት ለሚመለሱ ፍሬሽማኖች የወጣ ስም ነው። ከእኛ በፊት ለብዙ ዓመታት ሲነገር የኖረ ስለነበር ማን እንዳወጣው የሚያውቅ አላገኘሁም። በምግብ ሰልፍ ላይ ይነገራል፤ በዶርም ኮሪደር ይነገራል፤ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ከላይኛው አልጋ ወደ ታችኛው ይነገራል። እኔ ቃሉን በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ የደሴ መናኸሪያ ነበር፤ ከአውቶቡስ ስወርድ፣ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ «ምነው ተመለስሽ?» ሲለኝ።

ዘመኑ 1990 ዓ.ም. ነው። በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አዲስ አበባና ዓለማያ። የቀሩት ኮሌጅና ኢንስቲትዩት ናቸው። ማትሪክ ከተፈተነው ተማሪ ለዲግሪ የሚመደበው ጥቂቱ ስለነበር፣ ከየከተማው የሚመጣው ልጅ የክፍሉ አንደኛ፣ የሰፈሩ ምሳሌ ሆኖ ነው የሚመጣው። እኔም ከወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት እንደዚያ ሆኜ ወጣሁ። ይህን የምናገረው ለመመካት አይደለም። በኋላ በእኛ ላይ የደረሰውን ለመረዳት፣ ሁላችንም አንደኛ ሆነን የመጣን ልጆች መሆናችንን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ ሆኖ ያደገ ልጅ «አልገባኝም» ማለትን አልተለማመደም።

እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ስንቅ ስታሰናዳ ሰነበተች። በሶው ተፈጨ፣ ዳቦ ቆሎው ተቆላ፣ ቅቤ ያለበት ጭኮ በጣሳ ታሸገ። ጎረቤት አንዱ አምስት፣ አንዱ አስር ብር እያመጣ በእጄ አስጨበጠኝ። ከማዶ የሚኖሩት ሼህ ዱዓ አደረጉልኝ፤ የንስሐ አባታችን ጸበል ረጩኝ። ወሎ ውስጥ ልጅ ሲሸኝ ሁለቱም ደጅ ይመርቃል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ብዙ አይናገርም። በሽኝቱ ማለዳ በሰፋልኝ ኮት ኪስ ውስጥ ብር እየከተተ «እንግዲህ አደራ፤ ስማችንን ይዘሽ ነው የምትሄጂው» አለኝ። ፍቅሩን የሚገልጽበት ሌላ ቃል አልነበረውም። እኔ ግን ያንን ቃል እስከ ጥር ድረስ ተሸክሜው ኖርኩ።

ከደሴ አዲስ አበባ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ያን ጊዜ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፤ ከዚያ የጣርማ በር ዳገት። ዋሻውን አልፈን ደጋው ላይ ስንወጣ ብርዱ በመስኮት ገባ። ሲመሽ አውቶቡስ ተራ ደረስን።

ስድስት ኪሎ ለአዲስ መጪ ከባድ ግቢ ነው። ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ከበሩ ውጭ አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት ከዚያ በኋላ ፋሺስቶች ለጨፈጨፉት ሕዝብ መታሰቢያ ነው። በታኅሣሥ 1953 በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ጊዜ ታግተው የነበሩት ሚኒስትሮችና መኳንንት የተረሸኑትም በዚሁ ቤተ መንግሥት፣ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ነው። በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡና በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተመረቀ። ነባሮቹ ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት እያዞሩ ያሳዩናል፤ ደረጃውን፣ ራስ መኮንን አዳራሽን፣ ኬኔዲ ላይብረሪን። ከስልሳዎቹ ተማሪዎች ማን የት ቆሞ እንደተናገረ፣ ማን ከየት በር እንደታፈሰ ይተርኩልናል። ያንን ታሪክ መስማት እወድ ነበር፤ አሁንም እወዳለሁ። ግን የዚያን ቀን ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የተሰማኝ ሌላ ነው። ይህን ያህል ትልልቅ ሰዎች ባለፉበት ግቢ ውስጥ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ? ሌሊት ላይ ከመንገዱ ማዶ ካለው አንበሳ ግቢ አንበሶቹ ሲያገሱ ይሰማል። ከእኔ በላይ የተኛችው ልጅ ቀስ ብላ «ሰማሽ?» አለችኝ። «ሰማሁ» አልኳት። ሁለታችንም እስኪነጋ አልተኛንም።

ትምህርት ተጀመረ። ኢኮኖሚክስ፣ ጂኦግራፊ፣ ሎጂክ፣ ማትስ፣ ፍሬሽማን ኢንግሊሽ። ክፍሎቻችን ኦሲአር በሚባለው አሮጌ ሕንጻ ውስጥ ነበሩ፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የመምህሩን ድምፅ እንጂ ከንፈሩን አያይም። እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩት በአማርኛ ነው። ከሰባተኛ ጀምሮ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ሆነ፤ የመምህራኑ ማብራሪያ ግን እስከ አስራ ሁለተኛ ድረስ አማርኛ ነበር። እንግሊዝኛ አንብቤ እረዳለሁ፤ ፈተናም እሠራለሁ። አንድ ሰው ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጥ በእንግሊዝኛ ሲናገር ቁጭ ብሎ መከታተልን ግን ማንም አላስተማረኝም ነበር። መምህሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ እኔ የሱን መጀመሪያ ገና እያሰብኩ ነኝ። እርሳስ ጨብጬ አንገቴን ደፍቼ እጽፋለሁ። የምጽፈው ምን እንደሆነ ላሳያችሁ፤ የማላውቀውን ቃል ስሰማ ስፔሊንጉን ስለማላውቀው በራሳችን ፊደል አሰፍረው ነበር። «ፕረሚስ»፣ «ፋላሲ»፣ «ማርጂናል ዩቲሊቲ»። ማታ መዝገበ ቃላት ይዤ አንድ በአንድ እፈልጋለሁ። «ፋላሲ» በኤፍ ይሁን በፒኤች የሚጀምረው እስካገኝ ድረስ እኩለ ሌሊት ይሆናል። የዚያ ዘመን ደብተሬ አሁንም አለኝ። የኅዳር ወር ገጾቹ ኅዳጋቸው ሁሉ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ እንግሊዝኛ ነው።

ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም ይጽፋል። ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል። መምህሩ «ጥያቄ አለ?» ሲል ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያንን ጸጥታ እኔ የምተረጉመው ሁሉም ገብቶታል ብዬ ነበር። ጥያቄ የሚጠይቁት ጥቂት የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው ይፈስሳል። እነሱ በተናገሩ ቁጥር የቀረነው ይበልጥ እንሰበሰባለን። ማርክ የሚሰጠው በከርቭ መሆኑን ደግሞ አንዘንጋ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል ማለት ነው። ስለዚህ ያልገባህን ለጎረቤትህ መንገር ድካምህን ለተፎካካሪህ ማሳየት ይመስላል። የመጀመሪያው የሎጂክ ፈተና ሲመለስ ወረቀቶች ሁሉ ወዲያው ታጥፈው ኪስ ገቡ። እኔም አጠፍኩ። ከአስራ አምስት ያገኘሁት አራት ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቁጥር ከስሜ አጠገብ ተጽፎ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት እንቅልፍ ቀነስኩ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከሚዘጋ ኬኔዲ ላይብረሪ እቀመጣለሁ። ቦታ ለመያዝ እራት ሳልበላ የምሮጥበት ቀን ነበር። ነገር ግን መቀመጥ ማንበብ አይደለም። አንድን ገጽ አራት ጊዜ አንብቤ አምስተኛውን ስጀምር፣ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ መጽሐፏን ዘግታ ዝቅ ባለ ድምፅ አናገረችኝ። የሦስተኛ ዓመት የጂኦግራፊ ተማሪ ናት።

«ፍሬሽ ነሽ?»

«አዎ።»

«ከቅድም ጀምሮ አንድ ገጽ ላይ ነሽ።»

ዝም አልኩ።

«አልገባሽም አይደል?»

እንደዚያ በቀጥታ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «አልገባኝም» አልኳት፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ከሳቀችብኝ ተነስቼ እሄዳለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። አልሳቀችም።

«እኔም አልገባኝም ነበር» አለች። «እስከ ገና ድረስ መምህሮቹ ከሚሉት ግማሹን አልሰማም ነበር። ማንም አይሰማም እኮ! የሚሰሙ ይመስላሉ እንጂ። ተነሽ፣ ውጭ እንውጣ።»

ከላይብረሪው በር ላይ ብርድ እየመታን ያለችኝን ሁሉ አስታውሳለሁ። ፊት ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ አፉን እያየሽ ስሚ። ከክፍል በፊት ምዕራፉን አንብበሽ ግቢ፤ ያነበብሽውን ቃል ሲናገረው ጆሮሽ ይለየዋል። የመምህሩ ቢሮ በር ላይ የተለጠፈው የምክር ሰዓት ላንቺ ነው የተለጠፈው፤ ሂጂ፣ አንኳኪ። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ከእኔ ዘንድ አሉ፤ ነገ ምሳ ሰዓት ካፌ በር ላይ ጠብቂኝ። በነጋታው በክር የታሰረ የወረቀት ጥቅል ይዛ መጣች። አንዳንዱ ወረቀት ከእሷም በፊት ከነበረች ልጅ የተረከበችው ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ የተለያየ ሰው የእጅ ጽሑፍ አለበት። «ስትጨርሺ ለሚቀጥለው ፍሬሽ ትሰጪዋለሽ» አለችኝ።

ወረቀቶቹ ጠቅመውኛል። የመምህሩን አጠያየቅ ከእነሱ ነው የተማርኩት። ነገር ግን መንፈቀ ዓመቱን ያሻገረኝ ምን እንደሆነ ዛሬ ብጠየቅ መልሴ «እኔም አልገባኝም ነበር» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ማታ በፊት የቸገረኝ ትምህርቱ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እኔ ብቻ እዚህ ቦታ የማይገባኝ ሰው ነኝ የሚል እምነት ነበር። ያ እምነት ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል፣ ቀን ያፈዛል፤ ከሎጂክም ከማትስም ይከብዳል። ከላዬ ሲወርድ በሸክም ስር ቆይቶ ቀና እንዳለ ሰው ሆንኩ።

ያንኑ ሳምንት ዶርም ውስጥ ለልጆቹ ተናገርኩ። «እኔ ሎጂክ አራት ነው ያመጣሁት» አልኳቸው። መጀመሪያ ማንም አልተናገረም። ከዚያ የጎንደሯ ልጅ ከአልጋዋ ወረደችና የራሷን ወረቀት ዘርግታ አሳየችን። ከነቀምት የመጣችው ተከተለች። የአዲስ አበባዋ፣ እንግሊዝኛዋ የሚያስቀናን፣ ማትስ እንደማይገባትና ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ እንደምታለቅስ ነገረችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ የጥናት ክበብ ሆነ። አንዷ አንድ ምዕራፍ አንብባ ለሌሎቻችን በአማርኛ ታስረዳለች፤ የነቀምቷ ልጅ ሲጠብቅባት በኦሮምኛ ታስበውና ወደ አማርኛ ታመጣዋለች። ፍላጎትና አቅርቦት ለእኔ የተገለጠልኝ ያን ጊዜ ነው። በደሴ ሰኞ ገበያ በክረምት ጤፍ ሲወደድ እናቴ እንዴት ገብስ እንደምትቀላቅል እያሰብኩ ስዕሉን ሳልኩላቸው። መጽሐፉ ስለ ስንዴና ስለ ቅቤ የሚለው ሁሉ ገበያችን ውስጥ የነበረ ነገር ነው። ስንቃችንን አንድ ላይ አደረግን፤ በሶዬ በስኳር ተበጥብጦ የስንት ሌሊት ጥናት አሳለፈን። ይህን ክበብ ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አላደራጀንም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስለ ትምህርት አሰጣጥ የተጻፈ ነገር አንብቤያለሁ፤ የዚያን ዶርም ያህል ያስተማረኝ ግን የለም።

ከክበባችን የቀረች አንዲት ልጅ ነበረች። ከአርሲ የመጣች ናት። ከሁላችንም ጎበዝ እንደሆነች የማትሪክ ውጤቷ ይናገራል። ስንጠራት «አንብቤዋለሁ» ትላለች፤ ፈገግ ብላ። ጨዋ ናት፤ ቀሚሷ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ አልጋዋ ሁልጊዜ የተነጠፈ። የእሷን መቸገር የሚያሳይ ነገር አልነበረም። በኅዳር መጨረሻ ጠዋት ጠዋት ራስ ምታት ይይዛት ጀመር። ከዚያ አንዳንድ ክፍል ቀረች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት አበዛች። «ክሊኒክ እንውሰድሽ?» እንላታለን፤ «ደህና ነኝ» ትላለች።

ደህና ነኝ። ያ ቃል የሁላችንም ቃል ነበር። ሞባይል ስልክ ገና አገራችን አልገባም። ቴሌ ሄዶ ተሰልፎ መደወል ብር ይፈልጋል፤ ቤታችን ስልክ ያለን ደግሞ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ መልሱ በፖስታ ሣጥን ቁጥር 1176 ይመጣል። እሁድ ከሰዓት ሁላችንም አልጋ ላይ ተቀምጠን ደብዳቤ ስንጽፍ ከጻፍናቸው ደብዳቤዎች ውስጥ እውነቱን የተናገረ አንድም አልነበረም። «ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ትምህርቱ ጥሩ ነው። ብርዱም ብዙ አይደለም።» የጎንደሯም እንደዚያ፣ የነቀምቷም እንደዚያ። እርስ በርስ እያነበብን ቃሉ አንድ ዓይነት መሆኑን ሳናስተውል እናሽገዋለን። ቤተሰብም ይመልሳል፤ «ደብዳቤሽ ደረሰን፤ ደህና መሆንሽን ሰምተን ደስ አለን፤ በርቺ፣ አታሳፍሪን።» የአባቴ ደብዳቤዎች ሁሉ በጎረቤት ልጅ እጅ የተጻፉ ናቸው። መጨረሻቸው ላይ ግን ሁልጊዜ በራሱ እጅ፣ በትልልቅ ፊደል «አደራ» ይላል። አባቴ ያን ጊዜ በእውነት እንዴት እንደሆንኩ ቢያውቅ ኖሮ ያችን ቃል እንደማይጽፋት አሁን እርግጠኛ ነኝ። ሱቁን ዘግቶ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይመጣ ነበር። ያላወቀው እኔ ስላልነገርኩት ነው፤ ያልነገርኩት ደግሞ እሱን እንዳይጨንቀው ነው። በእኛ አገር ልጅና ወላጅ እንዲህ ይጠባበቃሉ።

ገና በዶርም ዋለ። የአዲስ አበባዋ ልጅ ከቤቷ በሰሀን ዶሮ ወጥ ይዛልን መጣች፤ ጎረቤት ዶርሞች ተጠሩ። የአርሲዋ ልጅም ተነስታ ከእኛ ጋር በላች፤ ያን ቀን ሳቀች እንኳ። ከዚያ ፈተና መጣ። ጥምቀት ፈተናው መካከል ወደቀና ጃን ሜዳ ከግቢያችን በቅርብ ርቀት ላይ እያለ፣ የታቦታቱን አጀብ ድምፅ በመስኮት እየሰማን ካልኩለስ አጠናን። የሎጂክ ፈተና ወረቀት ሲሰጠኝ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳነብ የመምህሩ ድምፅ በጆሮዬ ውስጥ ሲያነበው ተሰማኝ። ሁሉም ቃል ገባኝ። ስለዚያ ቀን ሌላ የምለው የለኝም፤ ደስታዬ ግን እስካሁን አለ።

ውጤት የሚለጠፈው በመታወቂያ ቁጥር ነው። መስታወቱ ፊት ሰው ተጋፍቶ ቁጥሩን ይፈልጋል፤ ጣቱን አግድም ይወስዳል፤ አንዳንዱ ይዘላል፣ አንዳንዱ ሌላ መስመር ያየ መስሎት ደግሞ ይፈልጋል። እኔ አለፍኩ። ውጤቴ ከደሴ ሰው ከጠበቀው ያነሰ፣ እኔ በኅዳር ከፈራሁት እጅግ የበለጠ ነበር። የክበባችን ልጆች ሁሉ አለፉ። ወደ ዶርም ስንመለስ የአርሲዋ ልጅ አልጋ ባዶውን ነበር። ፍራሹ ተጠቅልሎ፣ ብርድ ልብሱ ታጥፎ ከላዩ ተቀምጧል። ከእኛ ቀድማ በማለዳ አይታ፣ ማንንም ሳትሰናበት ሄዳለች።

በሚቀጥለው ዓመት ደብዳቤ ጻፈችልኝ። መምህራን ማሠልጠኛ ገብታ ነበር፤ ልጆች ማስተማር እንደምትወድ ገለጸችልኝ። ከዚያ እንዲህ የሚል ነገር አስከተለች፤ የመምህሮቹ እንግሊዝኛ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አልገባትም ነበር። እኛ ማታ ማታ ተሰብስበን ስናጠና ለእሷ የታያት የገባቸው ልጆች የበለጠ ለማወቅ ሲማሩ ነው። ያልገባቸው ልጆች ስብስብ መሆኑን አላወቀችም። የጎንደሯ ወረቀቷን ዘርግታ ባሳየችን ማታ እሷ ሻወር ቤት ነበረች።

ይህን ካነበብኩ ከብዙ ዓመት በኋላም ይቆረቁረኛል። በእውቀት አላነሰችንም። በትጋትም አላነሰችንም። በእኛና በእሷ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ማታ ነው፤ ያን ማታ ክፍል ውስጥ መገኘትና አለመገኘት። የአንድ ሰው የትምህርት ዕጣ በዚህ መወሰን የለበትም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሰናዶ ትምህርት ሲመጣ የፍሬሽማን ዓመት ቀርቶ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ተመልሷል። የዚያ ዓመት ፍሬሽማኖች በመጋቢት በኮሮና ምክንያት ወደየቤታቸው መበተናቸውን እናስታውሳለን። ሁለት የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ወጪ መጋራት መጥቷል፤ ልጆቹ ስልክ በኪሳቸው ይዘዋል፤ ያለፈ ዓመት ፈተና በክር ታስሮ ሳይሆን በቴሌግራም ይደርሳቸዋል። እኔ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ በየዓመቱ የማሰናብታቸው ተማሪዎች አሉኝ። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት መካከል እደውልላቸዋለሁ። «እንዴት ነህ?» ስለው «ደህና ነኝ ቲቸር» ይለኛል። ድምፁን አውቀዋለሁ። እኔ በደብዳቤ የጻፍኩት ድምፅ ነው። በየቀኑ ከእናቱ ጋር በስልክ ያወራል፤ እውነቱን ግን እንደኛው ዘመን ይደብቃታል። ሴቶቹ ደግሞ ይብሳሉ። «ሴት ልጅ ሩቅ አገር ተልካ» እያለ ሰፈር ከጅምሩ ሲጠራጠርባቸው ስለቆየ፣ መቸገራቸውን መናገር ለዚያ ወሬ እማኝ መሆን ይመስላቸዋል።

ስለዚህ እንደ ቀድሞው «ትምህርት እንዴት ነው?» ብዬ አልጠይቅም። «ያልገባህ የቱ ነው?» እላለሁ። ጥያቄው አንድ ነገር እንዳልገባው አስቀድሞ ስለሚቀበል መልሱ ይቀላል። ብዙዎቹ ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ ይናገራሉ። አንዷ ባለፈው ዓመት አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረች።

ዘንድሮ ልጃችሁን ለምትልኩ ወላጆች የምለው ይህንኑ ነው። ስንቁን አዘጋጁ፣ መርቁ፤ ስም የሚባለውን ሸክም ግን ቤት አስቀሩት። ስትደውሉ ውጤቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ከማን ጋር እንደሚያጠና፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ያልገባው ምን እንደሆነ ጠይቁ። «ብትወድቅም ቤትህ ቤትህ ነው» በሉት፤ ይህን የሰማ ልጅ አይሰንፍም፤ ቀና ብሎ ያጠናል።

ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት የሆናችሁ ደግሞ፣ በየግቢያችሁ ኅዳር ሲገባ ወደ ፍሬሽማኖቹ ዶርም ሂዱና አንኳኩ። በሩን የምትከፍትላችሁን ብቻ አታናግሩ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛችውንም ቀስቅሷት። እናንተም እንዳልገባችሁ ንገሯት።